ጉልቻና ቆጣሪ፤ የአዲስ አበባ ቤቶች የማገዶ ታሪክ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሹማምንት መለዋወጥ ነው። ምሳሌው ግን ከመነሻው የማድ ቤት ነገር ነው። ቃሉ እንደ ሰሙ ብቻ ቢወሰድ አንድ የቤተ ሰብ ወጪ ጥያቄ ያስነሣል። ይኸውም አንድ ቤተ ሰብ እሳቱን ከሚያገኝበት ወገን ወደ ሌላ ወገን ቢዛወር፥ ከእንጨት ሻጭ ወደ ከሰል ነጋዴ፥ ከከሰል ወደ ላምባ፥ ከላምባም ወደ ኤሌክትሪክ ቢሻገር፥ የቤቱ ወጪ በእርግጥ ይቀንሳልን? ወይስ የሚለወጠው ጉልቻው ብቻ ነው? የሚል ነው። አዲስ አበባ ከተቈረቈረችበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የማገዶ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አለው።

አስቀድሞ የምድጃው ሥራ ምን እንደ ነበረ መታወቅ ይገባዋል። በደጋው አገር፥ በቀድሞው ቤት ውስጥ ይነድ የነበረው እሳት አንድ ሲሆን ሥራው ግን ብዙ ነበረ። እንጀራው ይጋገርበታል፥ ወጡ ይሠራበታል፥ ቡናው ይፈላበታል። ማታ ማታ ቤተ ሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ ይሞቀዋል፤ የቤቱም ብርሃን ከኩራዝ በፊት እርሱ ነበረ። ጭሱ እንኳ ዓይን ቢያቃጥልም የጣራውን ሣርና እንጨት ከነቀዝ ይጠብቅ ነበረ። ስለዚህ «ለማብሰያ ይህን ያህል፥ ለሙቀት ይህን ያህል» ብሎ ለያይቶ የሚቈጥር ሰው አልነበረም። የሐምሌ ቁር ሲበረታ ሽማግሌውና ሕፃኑ ወደ ምድጃው ይጠጋሉ እንጂ ለብርዱ ብቻ ተብሎ የሚፈለግ ማገዶ እምብዛም አልነበረም። ሌሊት እሳቱ በአመድ ይዳፈናል፤ ጧት ፍሙ ተቈስቍሶ ይቀጣጠላል። እሳት የጠፋበት ቤት ልጁን ገል አስይዞ ከጎረቤት ያስጭራል። እሳት መጫር ዋጋ አይጠየቅበትም፤ ዛሬ የሰጠው ነገ ተቀባይ ይሆናልና። እንግዲህ የመጀመሪያው እሳት አቅራቢ ጎረቤት ነበረ ለማለት ይቻላል።

እሳቱ ከጎረቤት ቢገኝም እንጨቱ የሚገኘው ከደን ነበረ። በቀድሞው ዘመን የነገሥታቱ ሰፈር ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወር ከነበረበት ምክንያት አንዱ ይኸው የማገዶ ነገር ነው። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ስፍራ ሲሰፍር በዙሪያው ያለው ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ ያልቃል፤ ሲያልቅም ሰፈሩ ይነሣል። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው፥ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው በሰየሙት በፍል ውሃ አካባቢ ከተማ ካቋቋሙም በኋላ ይኸው ችግር ደረሰ። ብዙ ዓመታት ሳያልፉ በአካባቢው የነበረው ጥድና ወይራ ተመነጠረ፤ እንጨት ለቃሚውም ሩቅ መንገድ መሄድ ግድ ሆነበት። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ወደ ምዕራብ፥ ደን ወዳልጠፋበትና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ስፍራ ሊያዛውሩ አስበው አዲስ ዓለምን መሥራት ጀመሩ። በኋላ ሐሳቡ ሲቀር ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዋና ከተማው በጠላት ኃይል ሳይሆን በማገዶ እጦት ሊነሣ ተቃርቦ ነበር ማለት ነው።

ከተማው በስፍራው እንዲጸና ካደረጉት ነገሮች ዋናው ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገር ያስገቡት የምኒልክ አማካሪ የነበሩት ፈረንሳዊው ሙሴ ሞንዶን ቪዳዬ ናቸው ተብሎ በብዙ ስፍራ ተጽፏል። ስሙም እንደሚያስረዳው ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። የአገሩ ጥድና ዝግባ ለመድረስ የሰው ዕድሜ የሚጠይቁ ሲሆኑ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ለማገዶ ይደርሳል። ሲቈረጥም ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የተተከለው ደጋግሞ ይታጨዳል። ቅጠሉንም ከብት አይወደውም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰው ሁሉ እንዲተክል አበረታቱ፤ መኳንንቱና ባለ ርስቶቹም ትርፉን አይተው ተከሉ። በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከተማዪቱ በባሕር ዛፍ ተከበበች።

ሆኖም ዛፉ ምንጭና ጕድጓድ ያደርቃል የሚል ክስ ተነሣበት። በ1905 ዓ.ም. ገደማም ከተተከለው ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በሌላ ዛፍ እንዲተካ ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ ግን በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ሌላ እሳት ሳይሰጡት በፊት «ምድጃህን አጥፋ» ቢሉት የሚታዘዝ ቤተ ሰብ አይገኝም።

ባሕር ዛፍ የማገዶን እጦት ቢያቃልልም ሌላ ለውጥ ይዞ መጣ፤ ማገዶ የገበያ ዕቃ ሆነ። ቀድሞ ከጫካ ይለቀም የነበረው እንጨት አሁን ባለቤት አገኘ። ባለቤቱ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴውም በአህያ አስጭኖ ለከተማው ሰው ያቀርባል። ከዋጋው ጋራ ደረጃም መጣ። አቅም ያለው ፍልጥ በጭነት ይገዛል፤ መካከለኛው ጭራሮ በእስር ይገዛል፤ ያጣ የነጣው ቅጠል ጠርጎ ወይም ኩበት ለቅሞ ይጋግራል። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ባለጠጋው በበጋ፥ እንጨቱ ደረቅና ርካሽ ሳለ፥ የክረምቱን ማገዶ ገዝቶ ያከማቻል፤ ድኻው ግን የዕለቱን በዕለቱ፥ በትንሽ በትንሹ ስለሚገዛ ለዚያው እሳት የበለጠ ይከፍላል። ይህ ነገር ማገዶው ከእንጨት ወደ ሌላ በተለወጠ ቍጥር መልኩን እየቀየረ ሲመላለስ ይታያል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ በከተማዪቱ ዙሪያ የነበረው የግል ባሕር ዛፍ ከባለቤቶቹ እጅ ወጣ፤ ደኑም በመንግሥት ጥበቃ ሥር ዋለ። የከተማው ሰው እሳት መፈለጉ ግን በአዋጅ አልቀነሰም። ያን ጊዜ የአቅርቦቱ ትልቅ ክፍል በድኾች ሴቶች ጀርባ ላይ ወደቀ። ከእንጦጦ ዳገት ጭራሮና ቅጠል የሚያወርዱት እነዚህ ሴቶች ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ሸክም፥ አንዳንዴም ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ፥ ጐንበስ ብለው ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። መንገዱ አደገኛ ነው፤ የደን ጠባቂ ሲያገኛቸው ሸክማቸው ይወረሳል ወይም መቀጫ ይጠየቃሉ። በከተማው ያለችው እመቤት «ዛሬ ጭራሮ ረከሰ» ብላ ስትደሰት የረከሰው ጭራሮው ሳይሆን የተሸካሚዋ ወገብ ነበረ። የቤት ወጪ ታሪክ በብር ብቻ ሊጻፍ የማይችለው ስለዚህ ነው።

እንጨቱ ሲወደድ ብዙ ቤቶች ወደ ከሰል አዘነበሉ። ከሰል ጭስ የለውም፥ ለመሸከም ይቀላል፥ በጥቂቱም ይገዛል፤ ለቡና ደግሞ እርሱን የሚተካከል እሳት የለም ይባላል። ነገር ግን ከሰል ርካሽ የሚመስለው ከከተማው ሲታይ ነው። ከሳዩ በስምጥ ሸለቆው ቈላ ግራሩን ይቈርጣል፥ ይከምራል፥ በአፈር ሸፍኖ ያጨሳል። በዚህ አሠራር የእንጨቱ ኃይል አብዛኛው እዚያው ጕድጓድ ውስጥ ይቃጠላል፤ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣትም ከአምስት ኪሎ የማያንስ እንጨት ይጠፋል። የከተማው ማድ ቤት ከጭስ ሲድን የቈላው ግራር ዋጋውን ከፈለ።

ከከሰል ቀጥሎ የመጣው እንግዳ ላምባ ነው። አስቀድሞ ለኩራዝና ለፋኖስ ብቻ ይገዛ የነበረው ነጭ ጋዝ፥ በክር የሚነድ ትንሽ ምድጃ በየሱቁ ሲሸጥ ወደ ማድ ቤት ገባ። መንግሥት ዋጋውን ይደጕም ስለነበረ በብዙ የከተማ ቤቶች ዋና የወጥ መሥሪያ ሆነ፤ በእንጦጦ ደን ላይ የነበረውንም ጫና በመጠኑ አቃለለ። ሆኖም ይህ ምድጃ ለወጥና ለሻይ እንጂ ለእንጀራ አልሆነም፤ የምጣዱን ስፋት አዳርሶ ሊያግል አይችልምና። ስለዚህ ላምባ የገዛው ቤት እንጨት መግዛቱን አልተወም። በ2001 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው ሲነሣና የላምባ ዋጋ ሲወጣ ብዙ ቤተ ሰብ ምድጃውን አስቀምጦ ከፊሉ ወደ ኤሌክትሪክ፥ ከፊሉም ተመልሶ ወደ ከሰል ሄደ። ጕዞው ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ አልነበረም።

ኤሌክትሪክ በአዲስ አበባ የጀመረው በምኒልክ ዘመን ከቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ፥ ቀጥሎም በጣልያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የከተማውን መብራት አበረከቱ። ቆቃ 43 ሜጋዋት ያህል እንዲያመነጭ የተሠራ ነበረ። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የመብራት ኃይል ባለሥልጣን በብዙ ስም እየተጠራ ከኖረ በኋላ በ2006 ዓ.ም. አመንጪውና አከፋፋዩ ተለያይተው ሁለት ድርጅቶች ሆኑ። ሕዝቡ ግን ድርጅቱን ቢከፍሉትም ቢያጣምሩትም «መብራት ኃይል» ብሎ መጥራቱን አልተወም። ይህ አጠራር ራሱ ታሪክ ይናገራል፤ ኤሌክትሪክ በሕዝቡ ዘንድ አስቀድሞ የታወቀው በእሳትነቱ ሳይሆን በብርሃንነቱ ነው።

መብራቱን እሳት ያደረገው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። በሸክላው ምጣድ ሥር በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ የተጠመዘዘ ሽቦ ይዘረጋል፤ ሽቦው ሲግል ሸክላው ይግላል። ይህ የአገር ውስጥ የእጅ ባለሙያዎች ሥራ የእንጀራን መጋገሪያ ከጭስ አዳነ። ነገር ግን አንዱ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ ይህም 60 ዋት የሆኑ ከሃምሳ የሚበልጡ አምፑሎችን በአንድነት እንደ ማብራት ነው። ሙቀቱም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርና ከጐን ይባክናል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ በሚጋግር ቤት ከሁሉ የሚበልጠው ወጪ ብዙ ጊዜ የምጣዱ ነው።

እሳቱ እንዲህ ሲከፋፈል የቀድሞው ምድጃ ሥራዎች ተበታተኑ። ብርሃኑ ወደ አምፑል፥ እንጀራው ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ፥ ወጡ ወደ ሌላ ምድጃ ሄደ። ሙቀቱ ግን ቤት አጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች የክረምቱ ብርድ ቀላል አይደለም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ፎቆች ውስጥ የሚኖር ቤተ ሰብ ዙሪያውን የሚቀመጥበት ምድጃ የለውም። ስለዚህ ለማብሰል የተተወው ከሰል ለሙቀት ሲባል ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ከሰል ሽታና ቀለም የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል፤ በዚህም እንደ ተኙ የቀሩ ሰዎች አሉ። በሣር ክዳን ቤት ጭሱ በጣራው ውስጥ አልፎ ይወጣ ነበረ፤ በቆርቆሮውና በሲሚንቶው ቤት ግን መውጫ የለውም። ቤቱ ሲለወጥ ልማዱ እንደ ነበረ መቅረቱ ሕይወት አስከፈለ።

የብርድ ወጪ ከሁሉ በላይ በሚከብድበት አገር ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ለንጽጽር ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ቤተ ሰብ ለኃይል ከሚያወጣው የሚበልጠው ክፍል ለቤት ማሞቂያ ነው። የጋዙ ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1986 ከመንግሥት ወደ ግል ባለአክሲዮኖች ተዛወረ። ከ1996 እስከ 1998 ባለው ጊዜም እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ጋዝ የሚሸጥለትን ኩባንያ ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ ኤሌክትሪኩም ወዲያው ተከተለ። እዚያ ሻጭ መለወጥ ማለት የወረቀት ለውጥ ነው፤ ጋዙ የሚመጣው በዚያው ቧንቧ፥ የሚነደውም በዚያው ምድጃ ነው። ዋጋ እያነጻጸሩ መለወጥ ለብዙዎች ጥቅም ሰጥቷል። ይሁን እንጂ በ2021 የጋዝ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር ከሃያ የሚበልጡ ሻጮች ከሰሩ፤ ደንበኞቻቸውም በትእዛዝ ወደ ሌሎች ተዛወሩ። ከመለወጥ የተገኘው ቍጠባ በአንድ ክረምት ሊጠፋ እንደሚችል ታየ። ጣራውንና ግድግዳውን ሙቀት እንዳያስወጣ አድርጎ የደፈነ ሰው ግን ሻጩ ማንም ቢሆን የሚፈጀው ያነሰ ነው። የአዲስ አበባ ቤተ ሰብ በበኩሉ የሚመርጠው በኩባንያና በኩባንያ መካከል ሳይሆን በእሳትና በእሳት መካከል ነው። ከአንድ አቅራቢ ወደ ሌላው ሲዛወር ምጣዱን፥ ምድጃውን፥ አንዳንዴም ልማዱን መለወጥ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ለውጡ ውድ ነው፤ ብዙዎችም ሁለትና ሦስት እሳት ጐን ለጐን ይዘው የሚኖሩት አላዋቂ ሆነው ሳይሆን አንዱ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ በሌላው ለመዳን ብለው ነው።

የኤሌክትሪክ አቅራቢ አንድ ብቻ በሆነበት ከተማ ደግሞ ወጪውን የሚወስነው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ ለማስገባት አቅም ያልነበረው ወይም ተከራይ የሆነ ቤተ ሰብ ከጎረቤት መስመር ይቀጥላል። ይህ የቀድሞው እሳት መጫር ሌላው መልኩ ነው። ልዩነቱ ቆጣሪ ውለታ አለማወቁ ነው። ታሪፉ የሚወጣው በደረጃ ነው፤ ጥቂት የሚፈጅ በአነስተኛ ዋጋ፥ ብዙ የሚፈጅ በከፍተኛ ዋጋ እንዲከፍል የታሰበ ነው። እስከ 2011 ዓ.ም. በነበረው ታሪፍ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዱ በ0.273 ብር፥ ከ500 በላይ ያለው ግን በ0.6943 ብር ይታሰብ ነበረ። ሐሳቡ ድኻውን ለመርዳት ነበረ። ነገር ግን ሦስትና አራት ድኻ ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ፍጆታቸው ተደምሮ የባለጠጋ ፍጆታ ይመስላል፤ ወደ ከፍተኛው ዋጋም ይወጣሉ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ ደጋግሞ ቢሻሻልም ደረጃው አልቀረም። ማገዶ በትንሽ በትንሹ የሚገዛው ድኻ የበለጠ ይከፍል እንደ ነበረ ሁሉ፥ ቆጣሪ የሚጋራውም ከባለጠጋው እኩል ወይም በላይ ይከፍላል። ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ቆጣሪ ማስገባት ከብዙ ምክር ይልቅ ወጪ የሚቀንስ ሥራ ነው።

እንግዲህ በእርግጥ ቍጠባ የታየው የት ነው ቢባል፥ አብዛኛውን ጊዜ የታየው እሳቱ በሚነድበት ዕቃ ላይ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ሥር የሚነደው እንጨት ሙቀቱ አብዛኛው ወደ ጐን ይበተናል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከሲሚንቶና ከአሸዋ እየተሠራ የተሠራጨው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ከቦ ስለሚይዝ የእንጀራውን ማገዶ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በዚያው ዘመን የተስፋፋው «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃም በቆርቆሮው ውስጥ ሸክላ ስላለበት ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ከሰል ይቈጥባል። በኤሌክትሪክ ምጣድም ነገሩ ያው ነው፤ ከሥሩ ሙቀት የሚከለክል ነገር ከተደረገበት፥ አክንባሎው በደንብ ከገጠመ፥ የሳምንቱም እንጀራ በተነጣጠለ ጊዜ ሳይሆን ምጣዱ እንደ ጋለ በአንድነት ከተጋገረ ቆጣሪው ይሰማዋል። የቀድሞ ወይዛዝርት ምጣድ አንዴ ካሟሹ በኋላ ሊጡ ሳያልቅ የማይነሡት ይህን ስለሚያውቁ ነበረ። አንዳንዶችም ማገዶ የሌላትን ጎረቤት «ምጣዱ ሳይበርድ ሊጥሽን ይዘሽ ነዪ» ብለው ይጠሩ ነበረ፤ ይህም ደግነት ብቻ ሳይሆን ቍጠባ ጭምር ነው።

ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ታላቅ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ያህል የማመንጨት አቅም አለው፤ ይህም ከቆቃ መቶ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ይህን የሚያህል ኃይል ማግኘት የምኒልክ ዘመን ሰው ሊያስበው የማይችለው ነገር ነበረ። ሆኖም ከግድቡ እስከ ማድ ቤቱ ድረስ ያለው መንገድ ገና ረጅም ነው፤ ሽቦው፥ ቆጣሪው፥ ምጣዱና የቤቱ ግድግዳ በመካከሉ አሉ።

ምሳሌው እንግዲህ ግማሹን እውነት ተናግሯል። የከተማዪቱ ቤተ ሰብ በመቶ ዐርባ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ጉልቻውን ብዙ ጊዜ ለውጧል፤ ከደን ወደ ባሕር ዛፍ፥ ከባሕር ዛፍ ወደ ከሰል፥ ከከሰል ወደ ላምባ፥ ከዚያም ወደ ኤሌክትሪክ። በእያንዳንዱ ለውጥ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ተሸክሟል፤ አንዴ የእንጦጦዋ ሴት፥ አንዴ የቈላው ግራር፥ አንዴም ቆጣሪ ያልነበረው ተከራይ። ጉልቻ መለወጥ ብቻውን ወጡን አላጣፈጠም። ጉልቻውን አስተካክሎ መሥራት፥ እሳቱን ከብቦ መያዝና ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ቆጣሪ መስጠት ግን ማገዶውን ቀንሷል፥ ጭሱንም አሳንሷል። የቤት ሙቀት ጥያቄ ግን ገና መልስ አላገኘም። በአዲስ አበባ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ መብራቱና ስለ ማድ ቤቱ ሲያስብ፥ ሽማግሌውና ሕፃኑ በሐምሌ ሌሊት የት ሆነው እንደሚሞቁ ደግሞ ሊያስብ ይገባዋል።